የፍለጋ ሰርቨር መቆጣጠሪያ ስለ መዘግየቱ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ አባቶቻችን። እኛ ግን ባለፈው የፈተና ሰሞን ነገሩን ከጫፉ ይዘን ሁለት ሳምንት ሙሉ ደከምን፤ ከዚያም የሚብሰው፣ ንጹሕ ጓደኛችንን ወቀስን። ሌላው ተማሪ በዚሁ መንገድ እንዳይሳሳት ያገኘነውን ትምህርት ልናካፍል ወደድን። «የሥነ ጽሑፍ ተማሪን ከሰርቨር ጋር ምን አገናኘው?» ብለው የሚስቁብን የቴክኖሎጂ ተማሪዎች ቢኖሩ አንቀየምም፤ እስከ መጨረሻው ይታገሡን ብቻ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥቂት የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች ሆነን የቆዩ የተማሪ መጽሔቶችንና የመመረቂያ ጽሑፎችን በአንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ አሰባሰብን፤ ኢላስቲክሰርች በሚባለው ፕሮግራም አማካይነትም እንዲፈለጉ አደረግን። ይህ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2010 በሻይ ባኖን የወጣ ሲሆን፣ መሠረቱ ዳግ ከቲንግ በ1999 የጀመረው ሉሲን ነው። አሠራሩ በመጽሐፍ መጨረሻ ላይ እንደሚገኘው የቃላት ማውጫ ነው፤ ይኸውም እያንዳንዱ ቃል በየትኛው ጽሑፍ ውስጥ እንደሚገኝ አስቀድሞ መዝግቦ ይይዛል። ማውጫው ኢንዴክስ ይባላል፤ ኢንዴክሱም ሻርድ በሚባሉ ክፍሎች ይከፈላል። ፍለጋ በመጣ ጊዜ የኢንዴክሱ ሻርዶች ሁሉ ይጠየቃሉ፤ መልሱም የሚሟላው ከሁሉ የዘገየው ሻርድ ሲመልስ ነው።

ከዚህ ጋር የሰርቨሩን ጤንነት በግራፍ የሚያሳይ መቆጣጠሪያ አቆምን። በመጀመሪያ ሁሉም መልካም ነበር። ፈተና ሲቃረብ ግን የመቆጣጠሪያው ገጽ ለመከፈት ደቂቃዎች ይፈጅ ጀመር፤ ፍለጋውም አብሮ ተጓተተ። ጽሑፋቸውን ለማስረከብ የተጣደፉ የ4ኛ ዓመት ተማሪዎች ተስፋ ቆርጠው ወደ መደርደሪያው አቧራ ተመለሱ። እኛም ያን ሰሞን ብዙ ጽሑፍ ያስገባውን ጓደኛችንን «ሰርቨሩን ያጨናነቅኸው አንተ ነህ» አልነው። እርሱም ሳይከራከር ሥራውን ትቶ ሄደ። እርሱ ከሄደ በኋላም መዘግየቱ አልቀነሰም። ያን ጊዜ ነው ቁጭ ብለን በቅደም ተከተል መመርመር የጀመርነው።

አንደኛ፤ የዘገየው ማን እንደ ሆነ መለየት። ሰርቨሩ ከመልሱ ጋር «ቱክ» የሚል ቁጥር ይልካል፤ ፍለጋው በሰርቨሩ ውስጥ የፈጀውን ጊዜ በሚሊሴኮንድ የሚናገር ነው። የኔትወርኩና የገጹ ጊዜ በዚህ ውስጥ አይቈጠርም። ቱክ ትንሽ ሆኖ ገጹ ከዘገየ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። እኛ አንዱን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ጠየቅን፤ አንድ ጊዜ መቆጣጠሪያውን ከፍተን፣ አንድ ጊዜ ዘግተን። ሲዘጋ መልሱ ቶሎ መጣ፤ ሲከፈት ቱክ ራሱ አሻቀበ። እንግዲህ ጠባቂው ራሱ ሸክም ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ሁለተኛ፤ ሜሞሪውን ማየት። ኢላስቲክሰርች በጃቫ የሚሠራ ስለ ሆነ ሂፕ የሚባል የሜሞሪ ድርሻ ይሰጠዋል። ድርሻው ከጠቅላላው ሜሞሪ ከግማሽ እንዳይበልጥ ይመከራል፤ የቀረው ከዲስክ የሚነበቡ ፋይሎችን ለጊዜው ለመያዝ ያገለግላልና። እኛ «የበዛ ይሻላል» ብለን ከ8 ጊጋባይት 6ቱን ሰጥተን ነበር። ሂፑም ቢሆን ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር፤ በሞላ ቍጥር ጃቫ የማያስፈልገውን ለመጥረግ ሥራውን ሁሉ ያቆማል።

ሦስተኛ፤ ሻርዶቹን መቍጠር። የነገሩ ሥር የተገኘው እዚህ ነው። የተከልነው የቆየውን 6ኛውን እትም ሲሆን፣ ይህ እትም ሌላ ካልታዘዘ በቀር ለእያንዳንዱ ኢንዴክስ 5 ሻርድ ይፈጥራል። (በ2019 የወጣው 7ኛው እትም ይህን ወደ 1 አውርዶታል።) እኛ የየዕለቱን የፍለጋ መዝገብ በየቀኑ በአዲስ ኢንዴክስ እናስቀምጥ ስለ ነበር፣ በ200 ቀን 1,000 ሻርድ ተከማቸ። አንድ ሻርድ ከ10 እስከ 50 ጊጋባይት ቢይዝ መልካም ነው ሲባል፣ የእኛዎቹ ባዶ ሊባሉ ጥቂት የቀራቸው ነበሩ። መቆጣጠሪያውም በየ10 ሴኮንዱ፣ ማለት በቀን 8,640 ጊዜ፣ የሁሉንም ሁኔታ ይጠይቃል፤ ያገኘውንም መልሶ በዚያው ሰርቨር ላይ ይጽፋል። በየደቂቃው ስም የሚጠራ የክፍል አለቃ ቢኖር መምህሩ መቼ ያስተምራል? በዚህ ላይ እኛ አራታችን ገጹን የ7 ቀን ግራፍ እንዲያሳይ አድርገን ቀኑን ሙሉ ከፍተን እንውል ነበር።

መድኃኒቱ ቀላል ሆነ። መጀመሪያ የሁሉንም ቅጂ በሌላ ዲስክ አስቀመጥን። የዕለት መዝገቦቹን በየወሩ ባለ 1 ሻርድ ኢንዴክስ አጠቃለን አሮጌዎቹን ሰረዝን፤ ሂፑን ወደ 4 ጊጋባይት አወረድን፤ የመጠይቁን ጊዜ ወደ 60 ሴኮንድ አራዘምን፤ የመቆጣጠሪያውንም መዝገብ ወደ ሌላ ኮምፒዩተር አዛወርን። ይህን ሁሉ ያደረግነው አንድ በአንድ፣ ከእያንዳንዱ በኋላ ቱክን እየለካን ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ የቀየረ ሰው የትኛው እንዳዳነው አያውቅም። በእርግጥ ዋጋ ከፍለናል፤ ለ20 ሴኮንድ ብቻ የሚቆይ እክል ዛሬ ሳናየው ሊያልፍ ይችላል። ለእኛ ሥራ ግን ይህ የሚቻል ነው።

ጓደኛችን የጨመረው ጽሑፍስ? ከሁሉም ጋር ተደምሮ 2 ጊጋባይት አይሞላም ነበር። ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው፤ «ከመውቀሳችሁ በፊት ብትቈጥሩ ኖሮ» ብሎ ብቻ ተመለሰ። አሁንም አብሮን ይሠራል።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ በሰርቨርም ሆነ በማኅበራችን ሥራ አንድ ነገር ሲጓተት፣ ጣታችንን ወደ ሰው ከመቀሰራችን አስቀድመን እንለካ። ከሚለካውም ውስጥ የራሳችንን የመቆጣጠር ልማድ መጀመሪያ እናስገባ።