አራዊትን ከነማደሪያቸው ስለ ማወቅ

ጻድቁ ኢዮብ ስለ ደረሰበት መከራ ከወዳጆቹ ጋር ብዙ ከተከራከረ በኋላ፥ እግዚአብሔር በዐውሎ ነፋስ ውስጥ ሆኖ ሲመልስለት የመከራውን ምክንያት አልገለጠለትም። ይልቁንም በመጽሐፉ 39ኛ ምዕራፍ እንደምናነበው፥ በዓለት ላይ የሚኖሩ የዱር ፍየሎች የሚወልዱበትን ጊዜ ያውቅ እንደ ሆነ፥ የእርግዝናቸውንም ወራት ቈጥሮ እንደ ሆነ ጠየቀው። ይህ ጥያቄ ለብዙ አንባቢ እንግዳ ሆኖ ይታያል። ልጆቹን የቀበረና በቍስል የሚሠቃይ ሰው ስለ ዱር ፍየል ምጥ መጠየቁ ምን ይጠቅመዋል? የሰውን ዕውቀት ወሰን ለማሳየት ነው ቢባል እውነት ነው። ነገር ግን በጥያቄው ውስጥ ሌላም ነገር አለ፤ ይኸውም ማንም ሰው በማያይበት ገደል ውስጥ፥ ማንም በማይቈጥረው ወር፥ እነዚህን ፍጥረቶች የሚመለከታቸው ፈጣሪ መኖሩን መናገሩ ነው።

ይህ ነገር ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በሰሜን ተራራዎች ገደል ላይ ዋልያ ይኖራል፤ ከዚያም በቀር በዓለም ላይ በዱር የሚኖርበት ስፍራ የለም። በገደል አፋፍ ተቀምጠው በርቀት መነጽር የተመለከቱ ሰዎች ለኢዮብ ከቀረበው ጥያቄ በከፊል መልስ አግኝተዋል፤ እናቲቱ አምስት ወር ያህል አርግዛ፥ አብዛኛውን ጊዜ በመስከረምና በጥቅምት፥ ዝናሙ ሲያባራና ሣሩ ሲበረታ ትወልዳለች። ይህን ለማወቅ ብዙ ትዕግሥት ጠይቋል።

ሌላው የዋልያ ታሪክ ግን የሚያስደስት አይደለም። ቀንዱ ለዋንጫ፥ ሥጋው ለምግብ ሲፈለግ ኖሮ፥ ጠመንጃም በተራራው ሲበዛ ቍጥሩ እያነሰ ሄዶ፥ በ1960ዎቹ መጀመሪያ 150 ያህል ብቻ እንደ ቀሩ ተገመተ (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ)። በ1969 ስፍራው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ፤ በ1996 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ጋር ተቈጠረ፤ በ2017 ከዚያ ዝርዝር ወጣ። ከዚያም ወዲህ ዋልያው እንደ ገና አሽቈልቍሏል። በመዝገብ መጻፍና በገደል ላይ መጠበቅ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ እንረዳለን።

ነቢዩ ዳዊት በ103ኛው መዝሙር ስለ አራዊት ሲናገር፥ የአራዊቱን ስም ለብቻው አያነሣም። ወፎችን ከዛፋቸው ጋር፥ ሽኮኮን ከዓለቱ ጋር፥ የዱር ፍየልን ከረጅሙ ተራራ ጋር፥ አንበሳንም ከዋሻው ጋር አጣምሮ ይጠራል። እንስሳውና ማደሪያው በአንድ ቃል የተሰጡ ናቸው ማለት ነው። ስለዚህ ዋልያውን ሳይገድል ገደሉን ያረሰበት ሰው፥ ምንም እንኳ ጥይት ባይተኩስ፥ ዋልያውን ከዓለም እንዳወጣው ይቈጠራል።

ማደሪያ ስንል ግን ድንጋይና ሣር ብቻ አይደለም። ይህን የሚያስረዳ ምሳሌ በሰሜን ሸዋ፥ በመንዝ፥ ጓሳ ከተባለው ደጋ እናገኛለን። ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ 200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው፥ በጓሳ ሣርና በጅባራ የተሸፈነ፥ ብርዱ አጥንት የሚሰብር ስፍራ ነው። በዚያ ጭላዳ ዝንጀሮ በመቶ እየሆነ ተሰብስቦ ሣር ይግጣል፤ ቀይ ቀበሮም አይጥ ያድናል። ቀይ ቀበሮ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኝ ነው፤ በስሙ ቀበሮ ይባል እንጂ በዘሩ ለተኵላ የቀረበ ሲሆን፥ ለአካለ መጠን የደረሱት በጠቅላላው ከ500 አይበልጡም።

በጓሳ ጭላዳዎችን ለብዙ ጊዜ ሲከታተሉ የነበሩ ተመራማሪዎች አንድ ነገር አስተዋሉ። ቀበሮው በመንጋው መካከል በዝግታ ይመላለሳል፤ ጭላዶቹም ሌላ አውሬ ሲያዩ እንደሚያደርጉት ወደ ገደሉ አይሸሹም። ቀበሮውም ግልገሎቻቸውን አይነካም። አንድ ጊዜ አንድ ቀበሮ ግልገል ቢይዝ፥ ጭላዶቹ ተባብረው አስጥለው አባርረውታል። በ2015 ታትሞ በወጣው ጥናታቸው መሠረት፥ ቀበሮው ለብቻው ሲያድን ከሙከራው 25 ከመቶ ብቻ ሲሳካለት፥ በጭላዶች መካከል ሲያድን ግን 67 ከመቶ ይሳካለታል። ምናልባት የሚግጠው መንጋ አይጦቹን ከጕድጓዳቸው ያስወጣቸው ይሆናል፤ ወይም በመንጋው መካከል ቀበሮውን ለይተው አያዩት ይሆናል። እንግዲህ የቀበሮው ማደሪያ ሣሩ ነው፤ አይጡም ነው፤ ጭላዳውም ነው። ሳያይ የሚፈርድ ሰው ሁለቱ ጠላቶች ናቸው ባለ ነበር፤ እኔም ከማንበቤ በፊት እንዲሁ ይመስለኝ ነበር።

ይህ ሣር እስከ ዛሬ የቈየው በአጋጣሚ አይደለም። የመንዝ ባላገር ከብዙ ትውልድ ጀምሮ ቀሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። ጓሳ ለቤት ክዳን፥ ለገመድ፥ ከዝናምም ለሚያስጠልለው ለገሳ ይፈለጋልና፥ ስፍራው ለሦስት፥ ለአምስት ዓመት፥ አንዳንዴም ከዚያ ለሚበልጥ ጊዜ ተዘግቶ፥ ሕዝቡ በመረጠው ሹም እየተጠበቀ፥ ሣሩ ሲደርስ በአንድነት ይከፈት ነበር። የ1975ቱ የመሬት ዐዋጅ ያን ሥርዓት ሲያፈርሰው ደጋው ለጊዜው ባለቤት አልባ ሆነ፤ ሕዝቡም ኋላ ሌላ የጥበቃ ደንብ ማቆም ግድ ሆነበት። ልብ ልንለው የሚገባው፥ እነዚህ ሰዎች ስፍራውን የጠበቁት ለቀበሮው ብለው ሳይሆን ለክዳናቸው ብለው መሆኑን ነው፤ ቀበሮው ግን በእነርሱ ሥርዓት ጥላ ሥር ኖረ።

ስለዚህ ስለ ዱር አራዊት የሚጽፉ አንዳንድ ሰዎች ገበሬውን እንደ ጠላት አድርገው መክሰሳቸው ትክክል አይመስለኝም። በደጋው ገብስ ከ3 ሺህ 500 ሜትር በላይ እየወጣ የሚዘራው በክፋት አይደለም፤ የአባት መሬት ለልጆች ተከፍሎ ተከፍሎ ለመጨረሻው ልጅ የቀረው ያ ቍልቍለት ብቻ ስለ ሆነ ነው። በዚያ የተዘራው ገብስ በውርጭ ይመታል፥ አፈሩም በሁለት በሦስት ክረምት ታጥቦ ይሄዳል፤ ገበሬውም አውሬውም ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ገደሉን ጠብቅ የሚል ሰው አስቀድሞ ለዚህ ልጅ ሌላ እንጀራ ማሰብ አለበት። ይህን ጥያቄ የሚዘልል ትምህርት በመንደር ሰሚ አያገኝም፤ ባያገኝም አልፈርድበትም።

ሌላው አደጋ ከገበሬው ጋር ወደ ደጋው የሚወጣው ውሻ ነው። በባሌ ተራራዎች፥ አብዛኛው ቀይ ቀበሮ በሚኖርበት ስፍራ፥ ከውሻ የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ በ2003 ገብቶ በአንድ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጀ። ከ2018 ጀምሮ መድኀኒቱን በሥጋ ውስጥ ደብቆ ለቀበሮዎቹ ማብላት ተጀምሯል። ነገር ግን የበሽታው ምንጭ ውሻው ነውና፥ ውሻውን ማስከተብ ቀበሮውንም የባለቤቱንም ልጅ ያድናል።

ውድ አንባቢ ሆይ፥ ሰሜን ወይም ጓሳ መሄድ ላይቻልህ ይችላል። ወደ ደብርህ መሄድ ግን ትችላለህ። በደቡብ ጎንደር ከተራራ ላይ ቍልቍል ቢመለከቱ፥ በታረሰው ሜዳ መካከል አልፎ አልፎ እንደ ደሴት የሚታየው አረንጓዴ ክብ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው። በአካባቢው ከጥንቱ ደን የተረፈው አብዛኛው ይህ ነው። ጥድ፥ ወይራ፥ ዝግባ፥ በውስጣቸውም ወፍ፥ ጦጣ፥ ንብ ይኖራሉ። ዛፉ በአጥሩ ውስጥ ስለ ቆመ ግን ደኑ ይቀጥላል ማለት አይደለም። ከብት ገብቶ ችግኙን ከበላ፥ ሽማግሌው ዛፍ ሲወድቅ የሚተካው የለም። ይህን የተረዱ ካህናትና ምእመናን በዚያው አገር ከእርሻው የተለቀመውን ድንጋይ ተጠቅመው በደኑ ዙሪያ ካብ ሠርተዋል፤ እርሻውም ከድንጋይ ጸዳ፥ ደኑም ከከብት ተጠበቀ። በአንጻሩ ግን አዲስ ሕንጻ ለመሥራት ወይራውን የሚያስቈርጡ፥ በምትኩም ለሽያጭ ባሕር ዛፍ የሚተክሉ አጥቢያዎች መኖራቸውን ሁላችን እናውቃለን። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በአንበሶችና በነብሮች ተከብበው ተሥለው ይታያሉ፤ ያ ሥዕል ባለበት ግቢ አንዲት ጦጣ እንኳ የምትወጣበት ዛፍ ከጠፋ፥ ለሕፃናቱ ሥዕሉን ማስረዳት ከባድ ይሆናል።

መመልከትም የራሱ ሥርዓት አለው። ማለዳ፥ ከኪዳን በኋላ ሰው ሲበተን፥ ነፋሱ ከአውሬው ወደ አንተ በሚነፍስበት በኩል ተቀመጥ፤ አትናገር፥ አትንቀሳቀስ፥ ምግብም አትወርውርለት፤ ጎጆ ወይም ጕድጓድ ብታገኝ እናቲቱ ልጆቿን እንዳትተው አትቅረብ። ያየኸውን በደብተር ጻፍ፤ ቀኑን፥ ሰዓቱን፥ በየትኛው ዛፍ ላይ እንደ ነበረ፥ ምን እንደ በላ። ስሙን ባታውቀው የላባውን መልክ ጽፈህ ሽማግሌ ጠይቅ፤ ቈለኛና ደገኛ ለአንዱ ወፍ የተለያየ ስም ስለሚሰጡ ሁለቱንም መዝግብ። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች በየወሩ ተራ ገብተው ቢጽፉ፥ በዓመቱ መጨረሻ ደብተሩ ከቤተ ክርስቲያኑ መዛግብት ጋር ይቀመጥ፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚጽፈው ልጅ የትኛው ወፍ እንደ ተመለሰ፥ የትኛውም እንዳልተመለሰ ከዚያ ያነብባል።