ራውተሩ ማንን ይሰማል? ስለ ሲሲኤንኤ ፈተና የተማርኩት

የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ራውተር ምን አገባው እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም ባለፈው ሴሚስተር እንደዚያው ነበር የምለው። ነገሩ የመጣው “ከሙያችሁ ውጪ ያለ አንድ ነገር መርጣችሁ ለማንኛውም አንባቢ በሚገባ ቋንቋ ጻፉ” የሚል የቤት ሥራ ሲሰጠን ነው። ዶርም ውስጥ ከኔ በላይ ባለው አልጋ የሚተኛው ጓደኛዬ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተማሪ ነው። ያን ሰሞን ሲሲኤንኤ የሚባለውን የሲስኮ ኩባንያ የኔትወርክ ፈተና ወድቆ ሰው ማናገር አስጠልቶት ነበር።

መውደቅ ያለ ነው። የሱን ያከበደው ክፍያው ነው። መፈተኛው 300 ዶላር ነበር፤ የከፈለችለት ደግሞ አሜሪካ ያለች አክስቱ ናት። “ምን ብዬ ልደውልላት?” እያለ ሳምንቱን ሙሉ ሳይደውል ቀረ።

ለምን ወደቅክ ብዬ ስጠይቀው መልሱ አጭር ነበር፦ “ሸምድጄ ገባሁ።” ከዚህ በፊት ተጠይቀዋል የተባሉ ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው የያዘ፣ እነሱ ዳምፕ የሚሉት ነገር አለ። እሱን በቃሉ ይዞ ገባ፤ እዚያ ሲደርስ ግን ቁጥሮቹ ሌላ ሆነው ጠበቁት። በዚያ ላይ አንዴ ያለፉትን ጥያቄ ተመልሶ ማየት አይቻልም። እኛ የለመድነው “ከባዱን ዝለለውና በኋላ ተመለስበት” የሚለው ዘዴ እዚያ አይሠራም። የተሰጠው 120 ደቂቃ ነው፤ እሱ ግማሹን በመጀመሪያዎቹ ስሌቶች ላይ ጨረሰው።

ለመሆኑ ፈተናው ምን ይጠይቃል? እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው 200-301 የሚባለው ፈተና ስድስት ክፍሎች አሉት። የኔትወርክ መሠረታዊ እውቀት 20 በመቶ፣ ከስዊችና ከዋየርለስ ጋር የተያያዘው ሌላ 20 በመቶ፣ የደህንነት መሠረታዊ እውቀት 15፣ የአይፒ አገልግሎቶች 10፣ አውቶሜሽን 10 ይይዛሉ። ትልቁ፣ 25 በመቶ የሚይዘው፣ አንድ ፓኬት ከአንዱ ኔትወርክ ወደ ሌላው መንገዱን እንዴት እንደሚያገኝ የሚጠይቀው ክፍል ነው። ጓደኛዬን የጣለውም እሱ ነው፤ ስለዚህ እዚያው ላይ እንቆያለን።

ራውተር ውስጥ የመንገድ ሰንጠረዥ አለ። “ሾው አይፒ ራውት” ብለው ትእዛዝ ሲሰጡት ይዘረግፈዋል። ጓደኛዬ በወረቀት ላይ ሦስት መስመር ጻፈልኝ። አንደኛው፣ 10.1.0.0/16 የሚለው፣ ኦኤስፒኤፍ ከሚባለው ፕሮቶኮል የተሰማ ነው። ሁለተኛው፣ 10.1.20.0/24፣ ሪፕ ከሚባለው የተሰማ። ሦስተኛው 0.0.0.0/0 ሲሆን የኔትወርኩ ባለሙያ ራሱ በእጁ የጻፈው፣ “ሌላ መንገድ ካጣህ በዚህ ሂድ” የሚል ነው። አሁን ወደ 10.1.20.77 የሚሄድ ፓኬት መጣ። በየቱ ይሄዳል?

ራውተሮች ለመረጃ ምንጮቻቸው የእምነት ደረጃ ይሰጣሉ፤ ስሙ አድሚኒስትሬቲቭ ዲስታንስ ነው። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር እምነቱ ይጨምራል። በቀጥታ የተገናኘ ኔትወርክ 0፣ በእጅ የተጻፈ 1፣ ኢአይጂአርፒ 90፣ ኦኤስፒኤፍ 110፣ ሪፕ 120። (ይቺን እንግዲህ መሸምደድ የግድ ነው፤ ሽምደዳ ሁሉ ኃጢአት አይደለም።) እኔ ይሄን እንደሰማሁ “በእጅ የተጻፈው ነዋ!” አልኩ። ጓደኛዬ ሳቀ። ፈተናው ላይ እሱም ያንኑ ነበር የመለሰው።

ትክክለኛው መልስ በጣም የማይታመነው ሪፕ ነው። ለምን? ፒያሳ ላይ ቆማችሁ ምን አለሽ ተራ የት ነው ብላችሁ ጠየቃችሁ እንበል። ትራፊክ ፖሊሱ “መርካቶ በዚህ ነው” አላችሁ። አጠገቡ ያለው ሊስትሮ ደግሞ “ምን አለሽ ተራ ከሆነ በዚያኛው ነው” አላችሁ። ራውተር ፖሊሱን ትቶ ሊስትሮውን ይሰማል። የምትፈልጉትን ቦታ ለይቶ የጠራው እሱ ነውና። የእምነት ደረጃው የሚወዳደረው ሁለቱም ስለ አንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት ስፋት ሲያወሩ ብቻ ነው። በቁጥር ቋንቋ ከሆነ፣ ከ/16 ይልቅ /24 ጠባብና የተለየ ስለሆነ ያሸንፋል፤ /0 ሁልጊዜ መጨረሻ ነው።

ይሄ ሕግ ዜና ሆኖም ያውቃል፤ እኔን የሳበኝም ያ ነው። በየካቲት 2000 ዓ.ም. የፓኪስታን መንግሥት ዩቲዩብ በአገሩ እንዲዘጋ አዘዘ። ፓኪስታን ቴሌኮም ለአገር ውስጥ ብቻ ብሎ ያወጣው 208.65.153.0/24 የሚል መንገድ ግን በሆንግ ኮንጉ ፒሲሲደብልዩ በኩል ሾልኮ ለዓለም ተሰራጨ። ዩቲዩብ ራሱ ያስታውቅ የነበረው 208.65.152.0/22 ነበር። ሰፊው በጠባቡ ተበለጠ፤ ዩቲዩብን ፍለጋ የወጣ ፓኬት ወደ ፓኪስታን እየሄደ ሁለት ሰዓት ገደማ ጠፋ። ዩቲዩብም መልሱን የሰጠው በዚያው ሕግ ነው፤ መጀመሪያ እኩል /24፣ ቀጥሎ ከሱም የጠበቡ ሁለት /25 አወጣ። እዚህ ላይ የተሠራበት ቢጂፒ የሚባለው ፕሮቶኮል ለዚህ ፈተና በጥልቀት አይፈለግም፣ ሕጉ ግን ያው ነው። እኛ ብንሆን ዜናውን ስንጽፍ “ዩቲዩብ በሰርጎ ገቦች ተጠቃ” ብለን ባላወጣነው?

ይሄን ለመፍረድ ግን አንድ አድራሻ በየትኛው ኔትወርክ ውስጥ እንዳለ ቶሎ ማወቅ ያስፈልጋል። ሰብኔቲንግ የሚባለው እሱ ነው። አድራሻው 32 ቢት ነው። /26 ማለት የመጀመሪያዎቹ 26ቱ የኔትወርኩ ስም ናቸው ማለት ነው፤ 6 ይቀራል። ሁለትን ስድስት ጊዜ ብታባዙ 64 አድራሻ ይመጣል። አንዱ ለኔትወርኩ ስም፣ አንዱ ለብሮድካስት ሲወጣ ለኮምፒውተር የሚቀረው 62 ነው። ስለዚህ 192.168.10.130/26 ከ128 እስከ 191 ባለው ክፍል ውስጥ ነው። ጓደኛዬ አሁን ይሄን የሚለማመደው ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ያለፈውን መኪና የታርጋ የመጨረሻ ሁለት አሃዝ ይወስዳል፣ 77 ከሆነ፣ “በ/27፣ ከ64 እስከ 95” ይላል። ሰዎች ያዩታል፣ እሱ ግድ የለውም።

ሌላው የሚጠይቀው ክህሎት ብልሽት መፈለግ ነው። ፓኬት ትሬሰር የሚባል የሲስኮ ነጻ ፕሮግራም ላይ ሁለት ራውተር አገናኝቶ አሳየኝ። በአንደኛው ላይ መንገዱን ጽፎ ፒንግ ቢያደርግ መልስ የለም። ገመዱን አየ፣ አድራሻውን አየ፣ ሁሉም ደህና ነው። በመጨረሻ የተገኘው ምንድን ነው? ፓኬቱ ደርሷል፤ ሁለተኛው ራውተር ግን የመመለሻውን መንገድ አያውቅም! መሄጃውን ብቻ ጽፎ መመለሻውን መርሳት የጀማሪ ሁሉ ስህተት ነው አለኝ፤ እሱን ዳምፕ አያስተምርም።

አክስቱ ጋ ደውሎ እውነቱን ነግሯታል። ሳቀችና መቼ ትደግማለህ አለችው። የሚደግመው ግንቦት ላይ ነው። እስከዚያው ማታ ማታ እሱ ይጠይቀኛል፣ እኔ እመልሳለሁ፣ ስሳሳት ያስረዳኛል፤ ሲያስረዳ ነው የሚገባው። የትናንቱ ይሄ ነበር፦ ራውተሩ ስለ 172.16.5.0/24 ከኦኤስፒኤፍም ከኢአይጂአርፒም ሰምቷል፤ በእጅ የተጻፈ 172.16.4.0/22 ደግሞ አለ። ወደ 172.16.5.9 የሚሄደው ፓኬት ማንን ይከተላል? እኔ በመጀመሪያው ሙከራ ተሳስቻለሁ።