ኮከቡ ሳይሰናበት ተተኪውን ማግኘት፤ የታዳጊ ፍለጋ መመሪያ ለፉትቦል ማናጀር

ፒተር ሽማይክል እ.ኤ.አ. በ1999 ማንቸስተር ዩናይትድ በአንድ የውድድር ዘመን ሦስት ዋንጫ ባነሳ ማግስት ክለቡን ተሰናበተ። ኤድዊን ቫን ደር ሳር በ2005 ክረምት እስኪመጣ ድረስ ማርክ ቦስኒች፣ ማሲሞ ታይቢ፣ ፋቢያን ባርቴዝ፣ ቲም ሃዋርድ፣ ሮይ ካሮልና ሌሎችም በዚያ ግብ ሥር ተፈራረቁ። ሰር አሌክስ ፈርጉሰንን የሚያህል ሰው ለአንድ ቦታ ስድስት ዓመት ከተቸገረ፣ ፉትቦል ማናጀር የሚጫወት ወጣት የ35 ዓመት ኮከቡ ጫማ ሊሰቅል መሆኑን ሲሰማ መደንገጡ አይገርምም። ጌሙ በዚህ ረገድ ለእውነተኛው እግር ኳስ በጣም ይቀርባል። ኮከቡ ከሄደ በኋላ የሚጀመር ፍለጋ ውድ ነው፤ ብዙውን ጊዜም አይሳካም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ጊዜ መግዛት ነው። አርሴን ቬንገር ሮቢን ቫን ፔርሲን ከፌይኖርድ ወደ አርሰናል ያመጣው በ2004 ነው፤ የተከፈለው 2.75 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። ዴኒስ ቤርካምፕ ያኔ 35 ዓመቱ ነበር፣ ልጁ ደግሞ 20። ቤርካምፕ እስከ 2006 ስለቆየ ሁለቱ ሆላንዳውያን ሁለት የውድድር ዘመን አንድ ልምምድ ሜዳ ላይ አሳለፉ። በጌሙም ኮከባችሁ 31 ዓመት ሲሞላው ፍለጋውን ጀምሩ። ግብ ጠባቂ ከሆነ ትንሽ መታገስ ይቻላል፤ በክንፍ የሚሮጥ ከሆነ ግን ፍጥነቱ ቀድሞ ስለሚከዳው 30 ላይም አይበዛም።

ቀጥሎ የሚፈለገው ሰውየው ሳይሆን የሚሠራው ሥራ ነው። በ1999 ኒኮላ አኔልካ ወደ ሪያል ማድሪድ ሲሸጥ ቬንገር ሌላ አኔልካ አላደነም። በዩቬንቱስ ክንፍ ላይ ይጫወት የነበረውን ቲዬሪ ኦንሪን አምጥቶ መሀል አጥቂ አደረገው፤ ኦንሪም ለአርሰናል 228 ግብ አስቆጠረ። ጌሙ ላይ የኮከቡን ገጽ ክፈቱና ለሚጫወትበት ሚና ዋና ተብለው ከተለዩት መለኪያዎች አራቱን ብቻ ጻፉ። ከአራት በላይ ከጻፋችሁ የምትፈልጉት ተተኪ ሳይሆን መንትያ ነው፤ መንትያ ደግሞ አይገኝም። ይህ ጸሐፊ ለአማካይ ሁልጊዜ ውሳኔን፣ ቅድመ ግምትን፣ ኳስ ማቀበልንና የመጀመሪያ ንክኪን ይመርጣል፤ ፍጥነት በመሀል ሜዳ ላይ ከሚገባው በላይ ዋጋ ይሰጠዋል ብሎ ያምናል። ቦታውንም አትገድቡት፤ ዛሬ በክንፍ የሚጫወት ልጅ ነገ አጥቂ ሊሆን ይችላልና።

ማጣሪያውን ዕድሜ እስከ 19 አድርጋችሁ አራቱን መለኪያ አስገቡ፣ መልማዮቻችሁን ላኩ። ይህ ቀላል ነው።

ከባዱ መልማዩ ሪፖርት ይዞ ሲመለስ ይጀምራል። እዚህ ላይ ቀስ በሉ፤ ብዙ ሚሊዮን የሚባክነው እዚህ ነው። ሪፖርቱ ላይ የሚታዩት ኮከቦች የልጁን ትክክለኛ ደረጃ የሚናገሩ ይመስላሉ፤ አይናገሩም። በጌሙ ውስጥ እያንዳንዱ ተጫዋች ከ200 የሚለካ የአሁን አቅምና እምቅ አቅም አለው፤ ሁለቱም ከእናንተ የተደበቁ ናቸው። ኮከቦቹ መልማዩ ስለእነዚያ ቁጥሮች የሚገምተው ግምት ናቸው፤ ግምቱም የሚነጻጸረው ከራሳችሁ ቡድን ጋር ነው። በመካከለኛ ክለብ አራት ኮከብ የተሰጠው ልጅ ባርሴሎና ቢታይ ሁለት ተኩል ሊሆን ይችላል። ቡድናችሁ ባደገ ቁጥርም የዚያው ልጅ ኮከብ ሳይበላሽ ይቀንሳል፤ አሠልጣኙም "ልጁ ወደቀ" ብሎ በርካሽ ይሸጠዋል።

መልማዩስ ማን ነው? እምቅ አቅምን የመዳኘት ችሎታው ከ20 አሥር የሆነ መልማይ የሰጠውን አምስት ኮከብ፣ አሥራ ስምንት ከሆነው መልማይ ሦስት ተኩል በላይ አትመኑት። ያልተረጋገጠውን ክፍል ጌሙ ራሱ በተለየ ቀለም ያሳያል፤ ያ ቀለም ብዙ ከሆነ ልጁን ለተጨማሪ ሳምንታት አስከታትሉት። ሁለተኛ መልማይም ላኩ። አንድ ሪፖርት ብቻ ይዛችሁ አትግዙ።

ሌላም አለ። የአንዳንድ ታዳጊዎች እምቅ አቅም በጌሙ የመረጃ ቋት ውስጥ አንድ ቁጥር ሆኖ አልተጻፈም፤ የተጻፈው ክልል ነው፣ ለምሳሌ ከ150 እስከ 180። አዲስ ጨዋታ በጀመራችሁ ቁጥር ኮምፒውተሩ ከዚያ ክልል አንዱን ያወጣል። ጓደኛችሁ ዘንድ ዓለምን ያናወጠው ልጅ እናንተ ዘንድ ተራ ተጫዋች ሆኖ ሊቀር የሚችለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ሰው ያወጣውን የስም ዝርዝር ለፍለጋ መነሻ አድርጉት እንጂ ለግዢ ማዘዣ አታድርጉት። ቸርኖ ሳምባ ለዚህ ጌም ቀዳሚ በሆነው ቻምፒዮንሺፕ ማናጀር 2001/02 ውስጥ የማይቆም አጥቂ ነበር፤ በእውነተኛው ሜዳ ግን ያ ተስፋ አልደረሰም። ፍሬዲ አዱ በ2004 ገና በ14 ዓመቱ የአሜሪካ ሊግ የመጀመሪያ ምርጫ ሆኖ ዲሲ ዩናይትድን ተቀላቅሎ ነበር፤ በኋላ ከክለብ ክለብ ሲዞር ኖረ።

እንግዲህ እምቅ አቅም ጣሪያ ከሆነ፣ ልጁ ጣሪያው ጋር ይደርሳል ወይ የሚለውን የሚወስነው ምንድን ነው? ጠባዩ። ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡት። ቆራጥነት ገጹ ላይ በቁጥር ይታያል፤ ፕሮፌሽናልነትና የማደግ ፍላጎት ግን የተደበቁ ናቸው። የሚታያችሁ ጠባዩን የምትገልጽ አንዲት ቃል ብቻ ናት። "ሞዴል ሲትዝን"፣ "ሞዴል ፕሮፌሽናል"፣ "ፐርፌክሽኒስት"፣ "ሪዞሉት" ወይም "ፕሮፌሽናል" ካለ ልጁ በየሳምንቱ ልምምድ ያድጋል። "ካዡዋል" ወይም "ስላክ" ካለ አምስት ኮከብም ቢኖረው እጃችሁን ሰብስቡ። በሦስት ተኩል ኮከብና በ"ፐርፌክሽኒስት" ጠባይ የተገዛ ልጅ 23 ዓመት ሲሞላው አምስት ኮከብ የነበረውን ሰነፍ ጥሎት ያልፋል። የአሠልጣኞችን ሪፖርትም እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡ፤ በቀላሉ የሚጎዳ፣ አቋሙ የሚዋዥቅ ወይም በትልልቅ ጨዋታዎች የሚጠፋ መሆኑ የሚጻፈው እዚያ ታች ነው።

ጠባዩ መካከለኛ የሆነ ልጅ ግን ተስፋ አይቆረጥበትም፤ ቀድሞ የመጀመር ጥቅሙም እዚህ ላይ ይታያል። ከ2019 እትም ጀምሮ ጌሙ ቢያንስ ሦስት ተጫዋቾች የሚገቡበት የምክር ቡድን አለው። በዕድሜ፣ በቆይታና በመልበሻ ክፍል ተሰሚነት የሚበልጡት ታናናሾቹን ወደ ራሳቸው ጠባይ ይስባሉ። ሊሰናበት ሁለት ዓመት የቀረው ኮከባችሁ ጠባዩ መልካም ከሆነ፣ ልጁን ወደ ዋናው ቡድን አምጥታችሁ ከእሱና ከሌላ ታታሪ ነባር ተጫዋች ጋር አድርጉት። ኮከቡ 36 ዓመት ሞልቶት ሜዳ ላይ ምንም ባይፈይድ እንኳ ለዚህ ብቻ የአንድ ዓመት ውል ይገባዋል። የሚያስፈራው ተቃራኒው ነው፤ ግብ የሚያዘንብ ግን ልምምድ የሚጠላ ነባር ኮከብ ካላችሁ ልጁን አጠገቡ አታድርሱት፣ ስንፍናም በዚያው መንገድ ይጋባልና።

ወረቀቱን በተመለከተ ሁለት ነገር ይበቃል። ፊፋ ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ተጫዋቾችን ዓለም አቀፍ ዝውውር ይከለክላል። በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከ16 ዓመት ጀምሮ ይፈቀዳል፤ እንግሊዝ ከኅብረቱ ከወጣች ወዲህ ግን፣ ከ2021 መግቢያ ጀምሮ፣ የእንግሊዝ ክለቦች ይህ ዕድል የላቸውም። በሌላ በኩል በቻምፒዮንስ ሊግ 25 ተጫዋቾች የሚይዘው ዝርዝር ውስጥ ስምንት ቦታ ለአገር ውስጥ ፍሬዎች የተያዘ ነው፤ ከእነዚህ ቢያንስ አራቱ በክለቡ ያደጉ መሆን አለባቸው፤ ይህም ከ15 እስከ 21 ዓመት ባለው ዕድሜ ሦስት ዓመት በክለቡ ተመዝግቦ መቆየት ማለት ነው። ሁለቱን ደንቦች አጋጥማችሁ እዩ። የእንግሊዝ ክለብ የምትመሩ ከሆነ ያላችሁ መስኮት ልጁ 18 የሚሞላበት ሰሞን ብቻ ነው። ስለዚህ በ17 ዓመቱ ተስማሙና ልደቱ ሲደርስ እንዲመጣ አድርጉ፤ 19 ሲሞላው የምትገዙት ልጅ ለዚያ ቦታ አይደርስም።

ከመጣ በኋላ እስከ 18 ዓመቱ ጥሩ አሠልጣኝና ጥሩ የልምምድ ሜዳ ይበቃዋል፤ ከዚያ ወዲያ ግን የሚያሳድገው የጨዋታ ደቂቃ ነው። በውሰት ስትሰጡት የክለቡን ስም አትዩ። ቋሚ ተሰላፊ እንደሚሆንና በምትፈልጉት ቦታ እንደሚጫወት ውሉ ላይ አስገቡ። ካልተሰለፈ መልሳችሁ ጥሩት።

አሥር አሥራ አምስት ዓመት ሲያልፍ የምታውቋቸው ስሞች ሁሉ ጫማ ይሰቅላሉ፤ ቀሪው ዓለም ጌሙ ራሱ የፈጠራቸው ልጆች ይሆናል። ላሚን ያማል በሚያዝያ 2023 ገና በ15 ዓመቱ ለባርሴሎና ዋና ቡድን ሲሰለፍ የመጣው ከዝውውር ገበያ ሳይሆን ከክለቡ ከራሱ አካዳሚ፣ ከላ ማሲያ ነበር። በጌሙ ውስጥም አካዳሚው በዓመት አንድ ቀን አዳዲስ ልጆችን ያስረክባል፤ በእንግሊዝ ቀኑ በመጋቢት ላይ ይውላል። የእነዚያ ልጆች ጠባይ ከወጣቶች ልማት ኃላፊው ጠባይ ይወርሳል። ይህን ሰው ስትቀጥሩ ከሌሎች ችሎታዎቹ በፊት ጠባዩን ተመልከቱ። ልጆቹ የሚመጡበት ቀን ሲደርስም ዝርዝሩን በኮከብ ሳይሆን በጠባይ ደርድሩት፤ "ፕሮፌሽናል" የሚል ቃል ያለበትን ሁሉ፣ ኮከቡ ሁለት እንኳ ቢሆን፣ አስፈርሙና አንድ ዓመት ስጡት።