አምስት ቻናል ለአምስት ድምፅ፦ በአሮጌ የኮምፒውተር ድምፅ ካርዶች ላይ ቅኝትን በሚዲ ስለማጫወት

መግቢያ

በኪቦርድ የተጫወተ ትዝታ ለክራር ተጫዋች ጆሮ ብዙ ጊዜ እንግዳ ይሆናል። ኖታዎቹ አልተሳሳቱም፤ ቅደም ተከተላቸውም አልተዛባም። ይሁን እንጂ አንዱ ወይም ሁለቱ ድምፅ ጆሮ ከሚጠብቀው ቦታ ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ይገኛል። የዚህ ጽሑፍ መነሻም እንዲህ ያለ ገጠመኝ ነው። ጉለሌ ውስጥ፣ ሽሮ ሜዳ አካባቢ በምኖርበት ክፍል፣ ከቆራሌው የገዛሁትን አሮጌ ኮምፒውተር ጠግኜ በሚዲ ያዘጋጀሁትን የትዝታ ዜማ አጫወትኩ። ለረጅም ዘመን ክራር የተጫወቱ አንድ አዛውንት ጎረቤቴ ጥቂት ካደመጡ በኋላ ሦስተኛው ክር እንዳልተቃኘ ነገሩኝ። በኮምፒውተሩ ውስጥ ክር አልነበረም፤ አስተያየታቸው ግን ትክክል ነበር።

ይህ ጽሑፍ ሁለት ጥያቄዎችን ለመመለስ ይሞክራል። አንደኛው፣ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩ የድምፅ ካርዶች የሚዲ ሙዚቃን በአግባቡ እንዲያጫውቱ እንዴት ይዘጋጃሉ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ እነዚህ ካርዶች ከፒያኖው እኩል ክፍፍል ወጥተው በጆሮ የተቃኘን ድምፅ መስጠት ይችላሉ ወይ የሚል ነው። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ እንደሚከተለው ነው፦ ቅኝቶቻችን ባለ አምስት ድምፅ መሆናቸው ራሱ መፍትሔውን ያቀላል፤ ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ የሚዲ ቻናል ከተመደበ ከቀላሉ ካርድ ሳይቀር የተፈለገውን ቅኝት ማግኘት ይቻላል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሚዲ የሚይዘውና የማይዘው

በ1983 ይፋ የሆነው የሚዲ ደንብ ድምፅን አይቀዳም። የሚዲ ፋይል የትኛው ኖታ መቼ እንደተመታ፣ በምን ያህል ኃይል እንደተመታና መቼ እንደተለቀቀ የሚገልጽ የትእዛዝ ዝርዝር ነው። ድምፁን የሚፈጥረው ፋይሉን የተቀበለው መሣሪያ ነው። ስለዚህ አንድ ፋይል በሁለት ካርዶች ላይ ሲጫወት ሁለት የተለያዩ ድምፆች ሊሰጥ ይችላል። በ1991 የወጣው ጄኔራል ሚዲ የ128 መሣሪያዎችን ተራ ቁጥር በመወሰኑና ቻናል 10ን ለከበሮ በመመደቡ ልዩነቱን አጥብቦታል፤ የድምፁን ጠባይ ግን አንድ አላደረገም።

የኖታ ቁጥሮቹም ከፒያኖ ቁልፎች ጋር የተያያዙ ናቸው። በእኩል ክፍፍል አንድ ኦክታቭ 1,200 ሴንት ሲሆን፣ በሁለት ተከታታይ ቁልፎች መካከል ያለው ርቀት ሁልጊዜ 100 ሴንት ነው። ትዝታ በዚህ መንገድ ሲጻፍ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይሆናል፤ በሴንት ሲገለጽ 0፣ 200፣ 400፣ 700 እና 900 ማለት ነው። አንቺሆዬ ደግሞ 0፣ 100፣ 500፣ 600 እና 900 ሆኖ ይጻፋል። የክራር ተጫዋች ግን ክሩን የሚወጥረው በጆሮው እንጂ በዚህ ሠንጠረዥ አይደለም። በሠንጠረዡና በክሩ መካከል ያለው ልዩነት ፋይሉ ሲጻፍ ይጠፋል። ክራርን፣ መሰንቆንና በገናን ከፒያኖ ጎን ለጎን ለሚያስተምሩ እንደ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ላሉ ተቋማት ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ተማሪው ልምምዱን ከኮምፒውተር ጋር ካደረገ ጆሮው የሚለመደው የኮምፒውተሩን ልኬት ነውና።

ካርዶቹና አሠራራቸው

በምናለሽ ተራም ሆነ በቆራሌው ማዳበሪያ ውስጥ የሚገኙት አሮጌ የድምፅ ካርዶች በሁለት ወገን ሊከፈሉ ይችላሉ። የመጀመሪያዎቹ ድምፅን በኤፍ ኤም ሲንተሲስ የሚፈጥሩት ናቸው። በ1987 የወጣው አድሊብ ኦ ፒ ኤል 2 በመባል የሚታወቀውን የያማሃ ቺፕ የያዘ ሲሆን፣ በአንድ ጊዜ 9 ድምፅ ያወጣል። በ1992 የወጣው ሳውንድ ብላስተር 16 ደግሞ ኦ ፒ ኤል 3 የተባለውን ተተኪ ይዞ እስከ 18 ድምፅ ይሰጣል። ኤፍ ኤም ሲንተሲስ ለኢትዮጵያ ሙዚቃ እንግዳ አይደለም። ኃይሉ መርጊያ በ1985 ባሳተመው የብቻ አልበሙ ከአኮርዲዮን ጋር የተጠቀመበት ያማሃ ዲ ኤክስ 7 የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። ልዩነቱ ዲ ኤክስ 7 ለአንድ ድምፅ ስድስት የሞገድ አመንጪዎችን ሲጠቀም ኦ ፒ ኤል 2 ሁለት ብቻ መጠቀሙ ነው።

ሁለተኞቹ ከእውነተኛ መሣሪያ የተቀዳ ናሙና ድምፅ የሚያጫውቱ ናቸው። በ1994 የወጣው ሳውንድ ብላስተር ኤ ደብሊው ኢ 32 አንድ ሜጋ ባይት የናሙና ድምፅ በቋሚ ማኅደረ ትውስታው ይዟል፤ ተጠቃሚው የራሱን ናሙና የሚጭንበት 512 ኪሎ ባይት ቦታም አለው። ይህም የክራር ድምፅ ቀድቶ ለመጫን ያስችላል።

አጫዋቹን ማዘጋጀት

ካርዱ በአይ ሳ መክተቻ ላይ ከተሰካ በኋላ ከሌሎች ክፍሎች ጋር እንዳይጋጭ አራት ነገሮች መወሰን አለባቸው፦ የፖርት አድራሻ፣ የኢንተራፕት ቁጥር፣ የዲ ኤም ኤ ቻናልና የሚዲ ፖርት። ለሳውንድ ብላስተር 16 የተለመደው ምርጫ አድራሻ 220፣ ኢንተራፕት 5፣ ዲ ኤም ኤ 1 እና 5፣ የሚዲ ፖርት 330 ነው። የኤፍ ኤም ቺፑ ደግሞ በ388 ይገኛል። አድራሻዎቹ የተጻፉት በአሥራ ስድስት መሠረት ባለው የቁጥር ሥርዓት ነው። ኢንተራፕት 7 በብዙ ማሽኖች በፕሪንተር የተያዘ በመሆኑ እሱን መተው ይመረጣል። በቀደሙት ካርዶች ምርጫው የሚደረገው ጃምፐር በመቀየር ሲሆን፣ በኋለኞቹ በሶፍትዌር ነው። በዶስ ላይ እነዚህ እሴቶች ብላስተር በተባለው ተለዋዋጭ አማካይነት ለፕሮግራሞች ይነገራሉ። በማዘርቦርዱ ላይ ያለው ትንሽ ባትሪ ሞቶ ከሆነ መብራት በጠፋ ቁጥር የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ቅንብር ስለሚጠፋ፣ ከሁሉ በፊት እሱን መተካት ተገቢ ነው።

በዊንዶውስ 3.1 የሚጫወት ሰው አንድ ተጨማሪ ወጥመድ ይጠብቀዋል። የዚያ ዘመን መመሪያ ካርዶችን በሁለት ደረጃ ይከፍል ነበር፦ ከፍ ያለው ደረጃ ከቻናል 1 እስከ 10 ያለውን፣ መሠረታዊው ደረጃ ደግሞ ከቻናል 13 እስከ 16 ያለውን ያጫውታል። ከመሠረታዊዎቹ አራት ቻናሎች አንዱ፣ 16ኛው፣ ለከበሮ የተመደበ ነው። በመጀመሪያው ሙከራዬ ፋይሉ ያለ ስህተት መልእክት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቢሄድም ድምፅ አልተሰማም። ምክንያቱ የካርዱ መበላሸት ሳይሆን ይኸው የቻናል አመዳደብ ነበር። በሚዲ ማፐር ውስጥ አሥራ ስድስቱም ቻናሎች ወደ ካርዱ እንዲመሩ ሲደረግ ችግሩ ተወገደ።

ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ቻናል

የሚዲ ደንብ ፒች ቤንድ የሚባል የድምፅ ማጠፊያ ትእዛዝ አለው። እሴቱ ከ0 እስከ 16,383 ሲሆን፣ 8,192 ማለት ድምፁ አይታጠፍም ማለት ነው። በተለመደው አሠራር ሙሉው መታጠፍ ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች 200 ሴንት ነው። ትእዛዙ ግን አንድን ኖታ ለይቶ አይነካም፤ በቻናሉ ላይ ያሉትን ኖታዎች በሙሉ በእኩል ያጥፋል። ሚን ብቻ ዝቅ ለማድረግ ስንል ዶንም ዝቅ እናደርጋለን ማለት ነው። አሥራ ሁለት ድምፅ ለሚጠቀም ሙዚቃ ይህ ከባድ እንቅፋት ነው፤ አሥራ ስድስቱ ቻናሎች በአንድ መሣሪያ ብቻ ሊያልቁ ይችላሉና።

ለቅኝት ግን አምስት ቻናል ይበቃል። ዶ በቻናል 1፣ ሬ በቻናል 2፣ ሚ በቻናል 3፣ ሶል በቻናል 4፣ ላ በቻናል 5 ይጻፋል፤ አምስቱም አንድ ዓይነት የመሣሪያ ድምፅ ይመረጥላቸዋል። የአንዱ ድምፅ ኦክታቭ እዚያው ቻናል ላይ ይቆያል። ባለ ስድስት ክር ክራር ላይ ስድስተኛው ክር የመጀመሪያው ኦክታቭ ሆኖ ሲቃኝም ተጨማሪ ቻናል አያስፈልግም። ለሁለተኛ መሣሪያ ከ11 እስከ 15 ያሉት ይቀራሉ፤ የከበሮው ቻናል 10 አይነካም።

የእሴቱ ስሌት ቀላል ነው። ለምሳሌ ያህል፣ የተቃኘው ሦስተኛ ድምፅ ከፒያኖው በ30 ሴንት ዝቅ ብሎ ቢገኝ፣ 30ን ለ200 አካፍለን በ8,192 ስናባዛ 1,229 ገደማ ይሆናል። ይህን ከ8,192 ስንቀንስ 6,963 እናገኛለን። ሚዲ ቁጥሩን በሁለት ባይት ስለሚልከው ከፍተኛው ክፍል 54፣ ዝቅተኛው 51 ይሆናል።

ትእዛዞቹ ከመጀመሪያው ኖታ በፊት መላክ አለባቸው። በሴኮንድ 31,250 ቢት በሚያስተላልፈው የሚዲ ገመድ አንድ የማጠፊያ ትእዛዝ አንድ ሚሊ ሴኮንድ ያህል ይወስዳል፤ ለአምስቱ ቻናሎች አምስት ሚሊ ሴኮንድ ይበቃል። አንዳንድ አጫዋቾች ፋይሉ ሲጀምር መቆጣጠሪያዎቹን ሁሉ ወደ መነሻቸው ስለሚመልሱ፣ ትእዛዞቹን በየክፍሉ መግቢያ መድገም ይጠቅማል።

በጆሮ መፈተሽ

ቺፑ የታዘዘውን ያህል መታጠፍ መቻሉ በስሌት ሊረጋገጥ ይችላል። በኦ ፒ ኤል ቺፖች የድምፅ ድግግሞሽ የሚወሰነው በሙሉ ቁጥር ነው። ላ 440 በሚገኝበት ክልል ቁጥሩ በ49,716 ተባዝቶ ለ65,536 ይካፈላል። ቁጥሩ 580 ሲሆን 439.99 ኸርዝ፣ 570 ሲሆን 432.4 ኸርዝ ይሰጣል። ከላ 440 በ30 ሴንት ዝቅ ያለው ድምፅ 432.44 ኸርዝ በመሆኑ ስህተቱ ከአንድ ሴንት በታች ነው። በጠቅላላው የቁጥሩ አንድ እርምጃ በኦክታቩ ውስጥ ከ1.7 እስከ 3.4 ሴንት ይደርሳል፤ ይህም ከምንፈልገው ማስተካከያ እጅግ ያነሰ ነው።

ቺፑ ቢችልም ድራይቨሩ ላይታዘዝ ይችላልና መፈተሽ ያስፈልጋል። ፍተሻው መሣሪያ አይጠይቅም። ላ 440ን በሁለት ቻናሎች በአንድነት አሰምቶ አንዱን በ30 ሴንት ዝቅ ማድረግ በቂ ነው። ትእዛዙ በትክክል ከተፈጸመ በሴኮንድ 7 ወይም 8 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ይሰማል። ምንም መርገብገብ ከሌለ ድራይቨሩ ትእዛዙን አልተቀበለም። ሁለት የተለያዩ ኖታዎች ከተሰሙ ደግሞ የማጠፊያው ስፋት ከ200 ሴንት በላይ ተደርጎ ተቀምጧል። ለንጽጽሩ የኦርጋን ዓይነት ረዥም ድምፅ መምረጥ ያሻል፤ የክራር ዓይነት ድምፅ ቶሎ ስለሚጠፋ መርገብገቡን ለመቁጠር ጊዜ አይሰጥም።

ገደቦች

የዛሬ ሶፍትዌሮች ይህን ሥራ በቀለለ መንገድ እንደሚሠሩ መካድ አይቻልም። በነፃ የሚገኙት ፍሉይድሲንዝና ቲሚዲቲ የናሙና ድምፆችን በተራ ላፕቶፕ ላይ ያጫውታሉ። ሆኖም አምስቱን ቻናሎች የያዘው ፋይል እዚያም ሳይቀየር ስለሚሠራ ድካሙ ከአሮጌው ካርድ ጋር አይቀርም።

ዘዴው ቋሚ ቅኝትን ብቻ እንደሚያስተካክልም መታወቅ አለበት። መሰንቆ ተጫዋች ጣቱን በክሩ ላይ እያንሸራተተ የሚያወጣውን ድምፅ፣ ወይም የድምፃዊን ጌጥ፣ አምስት ቋሚ እሴቶች ሊገልጹት አይችሉም። ከዚህም በላይ አንድ ተጫዋች ዛሬ የቃኘውን ነገ በጥቂቱ ሊለውጠው ስለሚችል፣ የሚመዘገበው ልኬት የትዝታ ሕግ ሳይሆን የአንድ ክራር የአንድ ቀን ቅኝት ነው።

ማጠቃለያ

አሮጌ የድምፅ ካርድ በፒያኖው ልኬት ብቻ የሚጫወተው ሌላ ስላልታዘዘ ነው። ለእያንዳንዱ የቅኝት ድምፅ አንድ ቻናል በመመደብና ለእያንዳንዱ አንድ የማጠፊያ እሴት በመላክ ከ1987ቱ ቺፕ እንኳ በጆሮ የተቃኘ ድምፅ ማግኘት ይቻላል። በዚህ መንገድ የተዘጋጀ ፋይል ሲቀመጥ አብሮት የካርዱና የቺፑ ስም፣ የድራይቨሩ ዓይነት፣ የማጠፊያው ስፋት፣ የአምስቱ ድምፆች ልዩነት በሴንትና የተለካው መሣሪያ ማንነት መመዝገብ አለበት። ያለዚህ መረጃ ፋይሉን ነገ የሚከፍት ተመራማሪ ማጠፊያዎቹን እንደ ስህተት ቆጥሮ ሊያጠፋቸው ይችላል።

ጎረቤቴ የተስተካከለውን ፋይል በድጋሚ ሰምተውታል። ሦስተኛው ክር ደኅና መሆኑን ተናግረው፣ አምስተኛው ግን ገና ጥቂት መላላት እንዳለበት አሳሰቡ። ቀጣዩ ልኬት ከዚያ ይጀምራል።