በጨርቅ ላይ በእጅ የተሣለ ቀለም በእጥበት እንዳይለቅ ምን ያስፈልጋል?

ነጭ የጥጥ ጨርቅ ገዝቶ፣ በቡሩሽ አበባና ሐረግ ስሎበት፣ ቀሚስ ወይም ሸሚዝ አድርጎ መስፋት ብዙ ወጪ የማይጠይቅ የእጅ ጥበብ ነው። ሆኖም የሳምንት ድካም በመጀመሪያው እጥበት ከውኃው ጋር ሲፈስ፣ አልፎም አብረው የታጠቡትን ልብሶች ሲያበላሽ ይታያል። ብዙዎቻችን ጥፋቱን በቀለሙ ጥራት እናሳብባለን። ዋናው ምክንያት ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ነው። የቀለም ጽናት የሚወሰነው በድምቀቱ ወይም በብዛቱ ሳይሆን ከክሩ ሞለኪውል ጋር በሚፈጥረው ትስስር ነው።

የጨርቁ ማንነት

ጥጥ የተሠራው ሴሉሎስ ከተባለ ረጅም ሞለኪውል ነው። ሴሉሎስ በሺህ የሚቆጠሩ የግሉኮስ ክፍሎች የተቀጣጠሉበት ሰንሰለት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ክፍል ሦስት የሃይድሮክሲል ቡድኖች አሉት። ቀለሙ የሚጨብጠው እነዚህን ነው። ፖሊስተር ግን እንዲህ ያሉ ቡድኖች በሰንሰለቱ ላይ ስለሌሉት የጥጥ ቀለም አይዘውም።

የጨርቁን ዓይነት ለመለየት ጥቂት ክር በመቆንጠጫ ይዞ በጥንቃቄ ማቃጠል ይቻላል። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ለስላሳ አመድ ይሆናል። ሱፍና ሐር የተቃጠለ ፀጉር ይሸታሉ። ፖሊስተር ደግሞ ይቀልጥና ጠንካራ እንክብል ይተዋል።

ሦስት የአያያዝ መንገዶች

አንደኛ፣ አንዳንድ ማቅለሚያዎች በጥጡ ውስጥ የሚቆዩት እንደ ሃይድሮጅን ትስስር ባሉ ደካማ ኃይሎች ብቻ ነው። በመሆኑም በየእጥበቱ ጥቂት በጥቂት ይለቃሉ። ሁለተኛ፣ በውኃ የማይሟሙ የቀለም ቅንጣቶች እንደ አክሪሊክ ባለ ሙጫ አማካይነት በክሩ ገጽ ላይ ይጣበቃሉ። ከደረቁ በኋላ በካውያ ሙቀት ይጠነክራሉ። ይሁን እንጂ ጨርቁን ያደርቁታል፤ በፍትጊያም ይላጣሉ።

ሦስተኛው መንገድ ከሁሉም ይጸናል። በ1954 እ.ኤ.አ. ራቲ እና ስቴፈን የተባሉ የእንግሊዙ አይሲአይ ኩባንያ ኬሚስቶች ከሴሉሎስ ጋር በኮቫለንት ትስስር የሚጣመር ማቅለሚያ አገኙ። ማቅለሚያው ገበያ ላይ የዋለው በ1956 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ይህም ፐርኪን የመጀመሪያውን ታዋቂ ሰው ሠራሽ ማቅለሚያ ካገኘ ልክ በ100 ዓመቱ ነበር። እንዲህ ያለው ማቅለሚያ ሪአክቲቭ ይባላል። ከተጣመረ በኋላ የክሩ አካል ስለሚሆን ሳሙና በቀላሉ አይነጥለውም።

የሶዳው ሚና

ሪአክቲቭ ማቅለሚያ ብቻውን በቂ አይደለም። የሴሉሎስ ሃይድሮክሲል ቡድን በቀላሉ የሚጣመረው ቤዝ ባለበት፣ ፒኤች ወደ 11 ገደማ ሲደርስ ነው። ለዚህም ሶዲየም ካርቦኔት ያገለግላል። ለምግብ የሚውለው ሶዲየም ባይካርቦኔት ደካማ ቤዝ ስለሆነ በዚህ አሠራር ሊተካው አይችልም።

ይሁን እንጂ ውኃም ራሱ ከማቅለሚያው ጋር ይጣመራል። በውኃ የተያዘ የማቅለሚያ ሞለኪውል ጥጡን መጨበጥ አይችልም፤ በኋላ በእጥበት ይወጣል። ስለዚህ ሶዳ የተቀላቀለበት ቀለም ለነገ አይቀመጥም።

አሠራሩ

1. አዲሱን ጨርቅ በሙቅ ውኃና በሳሙና ማጠብ። በሽመና ጊዜ ድሩ እንዳይበጠስ ብዙውን ጊዜ ስታርች ይቀባል። ስታርችም የሃይድሮክሲል ቡድኖች ስላሉት ቀለሙን ከጥጡ ይሻማል፤ ሲታጠብ ቀለሙን ይዞ ይሄዳል። ጨርቁ የሚሰበሰብ ከሆነም ከመቆረጡ በፊት ይሰበሰባል።

2. በ1 ሊትር ውኃ 60 ግራም ያህል ሶዲየም ካርቦኔት በጥብጦ ጨርቁን ከ15 እስከ 30 ደቂቃ መዘፍዘፍ፣ ጨምቆም በጥላ ማድረቅ።

3. የልብሱን ቅርጽ በእርሳስ አስምሮ ሳይቆርጡ መሣል። ከተሰፋ በኋላ ከተሣለ የፖሊስተር ስፌት ክሩ ቀለም ሳይዝ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ቀለሙ እንዳይስፋፋ ማወፈሪያ ቢያስፈልግ ስታርች ሳይሆን ከባሕር አረም የሚገኘው ሶዲየም አልጂኔት ይመረጣል። አልጂኔት እንደ ማቅለሚያው ሁሉ አሉታዊ ሙል ስላለው ይገፋዋል እንጂ አይሻማውም።

4. ጨርቁን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ሞቅ ባለ ክፍል ከ12 እስከ 24 ሰዓት ማቆየት። ከደረቀ አጸግብሮቱ ይቆማል። በማዳበሪያነት የምናውቀው ዩሪያ በቀለሙ ላይ የሚጨመረውም እርጥበት እንዲይዝ ነው።

5. በመጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ፣ ቀጥሎም በሙቅ ውኃና በሳሙና ውኃው እስኪጠራ ድረስ ማጠብ። በዚህ ጊዜ የሚወጣው ቀለም ያልተጣመረው ትርፍ ነው፤ ሊያስደነግጠን አይገባም።

ጥንቃቄ

የሪአክቲቭ ማቅለሚያ ዱቄት ወደ ሳንባ ሲገባ አስም መሰል አለርጂ ሊያስከትል ይችላል። ስለሆነም ዱቄቱ ሲበጠበጥ ነፋስ በሌለበት ቦታ፣ አፍና አፍንጫን ተገቢ በሆነ የአቧራ መከላከያ ጭንብል ሸፍኖ፣ ጓንት አጥልቆ መሥራት ያስፈልጋል። የተጠቀምንባቸውን ዕቃዎችም ለምግብ መልሰን አንጠቀምባቸውም።

ሞክሩት

አራት ቁራጭ ጨርቆች አዘጋጁ፦ ሀ) የታጠበ ጥጥ ከሶዳ ጋር፤ ለ) የታጠበ ጥጥ ያለ ሶዳ፤ ሐ) ያልታጠበ አዲስ ጥጥ ከሶዳ ጋር፤ መ) ፖሊስተር ከሶዳ ጋር። በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ቀለም ሣሉባቸው። በማግስቱ ለየብቻ አጥባችሁ አነጻጽሩ። ሀ ደምቆ ሲቀር ለ አብዛኛውን ቀለሙን ይለቃል፤ መ ደግሞ ወደ ቀድሞ ንጣቱ ይቀርባል። የሐን ውጤት ግን ከማየታችሁ በፊት ተንብዩ፤ ምክንያቱንም ጻፉ። ይህን በትክክል ያብራራ ተማሪ የሚወደውን ቀሚስ ያለ ስጋት ሊሥል ይችላል።