ለአንዲት ክፍል ስንት ዋት ይበቃል?

ጥያቄ፦ ዲላ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። የኤሌክትሪክ ጊታሬን የምለማመድበት ርካሽ አምፕሊፋየር ይምረጡልኝ።

መልስ፦ ለአንዲት ክፍል ከ10 ዋት በላይ አያስፈልግህም። ከዋቱ ይልቅ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ መኖሩን አረጋግጥ፤ ማታ ማታ አከራዮችህን ሳትረብሽ የምትለማመደው በእሱ ነው። በባትሪ ድንጋይም የሚሠራ ከሆነ መብራት ሲጠፋ አታቆምም። ቦስ ካታና ሚኒ 7 ዋት ነው፤ የግድግዳ ሰዓት የሚበላውን ዓይነት ድንጋይ 6 ይወስዳል። ብላክስታር ፍላይ 3 ደግሞ 3 ዋት ብቻ ነው፤ እሱም 6 ድንጋይ ይፈልጋል። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ስፒከሩ ሰፋ ስለሚል ወፍራም ክሮች ደህና ይሰማሉ።

ያገለገለ ከሆነ ሳትሞክር ብር አትቁጠር። ዲስቶርሽኑን አጥፋና ወፍራሙን ክር አንዴ ምታ፤ ድምፁ እስኪያልቅ አድምጥ። ስፒከሩ ከተንዘረዘረ ተወው። ትዝታም ሆነ ባቲ የምትለማመደው በጥሩ፣ ባልተበላሸ ድምፅ ነው።

አደራ የምልህ፦ ዘመድ ከአሜሪካ የሚልክልህ ከሆነ መጀመሪያ የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶ አንስቶ ይላክልህ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ በቀጥታ በእኛ 220 ላይ ብትሰካው ይቃጠላል፤ ትራንስፎርመር መግዛት ግድ ይሆንብሃል።