ጠጅ መድረሱን እንዴት እናውቃለን?

ጎብዬ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የራያ ቆላ ከተማ ናት። በአገራችን ሠርግ ሲደገስ ጠጅ ይጣላል። ማር ግን ውድ ነው። ጠጁ ከተበላሸ የንብ አርቢው ድካምና የደጋሹ ገንዘብ አብሮ ይፈሳል። ስለዚህ ጠጅን ቀምሰን መፍረድ እንማር።

ጠጅ የሚሠራው ከማር፣ ከውሃና ከጌሾ ነው። ብዙ ጊዜ 1 ጣሳ ማር በ3 ጣሳ ውሃ ይበጠበጣል። ይህ ብርዝ ነው። በብርዙ ውስጥ በዓይን የማይታይ እርሾ አለ። እርሾው የማሩን ጣፋጭ እየበላ አልኮልና ጋዝ ይሠራል። ጠጁ የሚፈላው ለዚህ ነው። እየፈላ በሄደ ቁጥር ጣፋጭነቱ ይቀንሳል፤ ኃይሉ ይጨምራል። ጌሾው ደግሞ ምሬት ይሰጠዋል።

ለመፍረድ ጥቂት በብርሌ እንቅዳ።

1. በዓይን እንይ። አረፋው ገና ከሥር የሚንተከተክ ከሆነ መፍላቱን አልጨረሰም።
2. በአፍንጫ እናሽት። ማር ማር፣ ጌሾ ጌሾ ካለ ደኅና ነው። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ካለ አየር ገብቶት እየሆመጠጠ ነው።
3. በምላስ እንቅመስ። ጣፋጩ ከበዛ ለስላሳ፣ ጣፋጩ አልቆ ምሬቱና ኃይሉ ከጎላ ደረቅ ይባላል። በሁለቱ መካከል ያለው መካከለኛ ነው።

የሆመጠጠ ጠጅ ማር ቢጨመርበት እንኳ ኮምጣጤው አይለቀውም። ስለዚህ አስቀድመን እንጠንቀቅ። ጋኑን በግራዋ አጥበን በወይራ እናጥን። ጠጁ በሚፈላበት ጊዜ አፉን ጥርቅም አድርገን አንዝጋ፤ ጋዙ መውጫ ካጣ ዕቃውን ያፈነዳል። በንጹሕ ጨርቅ እንሸፍነው። ፈልቶ ሲያበቃ አጥልለን አየር እንዳይገባው ደኅና አድርገን እንክደነው።

በደጋ ዘመዶቻችን ቀን ቆጠራም አንመራ። የቆላው ሙቀት ጠጁን ቶሎ ያደርሳል፤ ቶሎም ያበላሻል። የሠርጉ ቀን ሲቃረብ በየቀኑ እንቅመስ።

«ለስላሳ ጠጅ አያሰክርም» የሚሉ አሉ። ተሳስተዋል። ጣፋጩ ኃይሉን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። ለልጆችና ለነፍሰ ጡር አንስጥ። አልኮል ለማይጠጣ እንግዳ ብርዙን በዕለቱ በጥብጠን እናቅርብ፤ ካደረ መፍላት ይጀምራልና።

ጥያቄ
1. ጠጅ ሲፈላ ጣፋጭነቱ ለምን ይቀንሳል?
2. በሚፈላበት ጊዜ ጋኑን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት ምን ያመጣል?
3. እናንተ ቤት ጠጅ መድረሱን የሚፈርደው ማን ነው? በምን ያውቃል?